ንፍሮ የተባለው ባንድ

መክሊት አድጋ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ድረስ ሠርግ ቤት ገብታ አታውቅም። እናቷ ፈንታነሽ ከደብረ ታቦር እስከ እብናት የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት በቅሎ ተጭኖ ይላክላታል፤ ሙሽራ ሲመጣ ግን ማንም አይጠራትም። አልቃሽ ሠርግ ላይ ከታየች ገደ ቢስ ናት ይላሉ። ስለዚህ ልጅቱ ሰው ተሰብስቦ ሲበላ ያየችው ለቅሶ ቤት፣ የቀመሰችውም ንፍሮ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ ስም አወጡላት።

«ንፍሮ መጣች! ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?»

ፈንታነሽ ለቅሶው ላይ ከመድረሷ በፊት ጎረቤት ጠጋ ብላ ትጠይቃለች። ሟቹ ምን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ተኳርፎ ነበር? በሬውን ማን ብሎ ይጠራው ነበር? ከዚያ ሜዳው መሐል ትቆምና የሕዝቡን ጩኸት አልፎ በሚሄድ ሻካራ ድምፅ ሙሾ ታወርዳለች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏታል። መክሊትም ከጎኗ ሆና ትቀበል ነበር።

«ከሆድሽ አውጪው፤ በጉሮሮሽ አትጩኺ» ትላታለች እናቷ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ደግሞ እንዳታለቅሺ። አንቺ ካለቀስሽ ማን ያስለቅሳል?»

መክሊት ካደገች በኋላ ደብረ ታቦር ከተማ አንድ ቢሮ ተቀጠረች። አንድ ቀን አንዱአምላክ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ራሱ በጠጋገነው ድምፅ ማጉያ ጊታር ሲመታ ሰማች። ጊታሩ ተንጫረረ፣ አጓራ። እሷ ቆማ ሳቀች።

«ይኼማ እማዬ ናት!»

ትእዛዝ የሚባል ከበሮ መቺ ጨምረው የሮክ ባንድ አቋቋሙ። ስሙን «ንፍሮ» ያለችው እሷ ናት።

«ሰው ይሸሻል እኮ» አላት አንዱአምላክ።

«የሸሸ ይሽሽ። እኔ ሲሰድቡኝ መቼ ሸሸሁ?»

በጥቅምት ፈንታነሽ ሞተች። አገሩ በሙሉ ወጣ። የአካባቢው አልቃሾችም መጡ፤ ነገር ግን ልጇ ቆማ እያለች አንቀድማትም ብለው፣ ለክብሯ ሲሉ፣ ዝም አሉ። ሁሉም መክሊትን ጠበቀ። መክሊት አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት፤ ድምፅ አልወጣትም። ሌሎቹ አሁንም ጠበቁ። ያን ሁሉ ሰው ስታስለቅስ የኖረች ሴት ያለ ሙሾ ተቀበረች።

መክሊት ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። ያ ያልወረደው ሙሾ ለእናቷ የሚገባት ነው፤ መውረድ አለበት።

ለዳግማ ትንሣኤ ከሰዓት በኋላ እሸቴ የሚባል የሆቴል ባለቤት ባንዱን ቀጠረው። መክሊት ሙሾ ልታወርድ ማሰቧን ከከበሮ መቺው ከትእዛዝ ሰምቶ ኖሮ ገና መሣሪያ ሲያወርዱ መጣ።

«ስሚ አንቺ፣ እንግዳዬ ፋሲካውን ሥጋ ሊበላ ነው የሚመጣው። ሙሾ ብሰማ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ።»

«ይንቀሉት፣ ጋሼ።»

«ትቀልጃለሽ?»

«እናቴን ነው የማለቅሳት። ቀልድ አይደለም።»

አዳራሹ ሲሞላ አንዱአምላክ ጊታሩን አስጓራው። መክሊት ማይኩን ያዘች።

«የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ስትጮህ የኖረች፣
የራሷ ቀን ሲደርስ በዝምታ ሄደች።»

እሸቴ እንደ ፎከረው ሄዶ ሶኬቱን ነቀለ። ጊታሩ የትንኝ ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀረ። አንዱ እንግዳ «እሰይ!» አለ፤ ሳቅ ሆነ። መክሊት ማይኩን ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወደ ፊት ወጣች። ሜዳ ላይ ላደገ ድምፅ አዳራሹ ጠባብ ነው። ከሆዷ አወጣችው። ትእዛዝ ከበሮውን አላቋረጠም።

«በፋሲካ ለቅሶ! እግዚኦ!» ብሎ አንድ ሰውዬ ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ። የሁለት ጠረጴዛ እንግዶችም ተከተሉት። እሷ ግን ቀጠለች። በስተኋላ ወርቅነሽ የምትባለው የሆቴሉ ወጥ ሠሪ እጇን ሳታደርቅ ከወጥ ቤት ወጣች፤ ደረቷን መታችና ተቀበለቻት። ሳህን አጣቢዎቹም ተከተሏት። ከተቀመጡትም አንድ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡ። አዳራሹ ተላቀሰ። መክሊት ብቻ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

እሸቴ ሶኬቱን እንደ ያዘ ዙሪያውን ተመለከተ። ዓይኑን በእጁ ጠረገና መልሶ ሰካው።

«በይ እሺ፣ ይብቃ» አላት ለስለስ ብሎ። «አሁን የሠርግ ዘፈን አስከትይ።»

«ገና ነኝ፣ ጋሼ» አለች መክሊት ማይኩን እያነሣች። «ሙሾውን የጀመርኩት ከእማዬ ልጅነት ነው፤ ገና ባል እንኳ አላገባችም።»