በመጽሐፍ ማኅደር የተቀመጠ ስልክ

ወደ አንበሳሜ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ነጭ ጋቢ ደርበው፣ የጸሎት መጽሐፍ የሚያዝበትን የቆዳ ማኅደር አንግተው ነበር። አንባቢ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ከማኅደሩ የወጣው ግን ስልክ ነበር። ጸሎቱን ከስልኩ እያነበቡ ጥቂት እንደ ሄዱ መልእክት ይጮኻል፤ ይነኩታል፤ ከአህያ የወደቀ ሰው ቪዲዮ አይተው ይስቃሉ። የተቋረጠ ጸሎት አይቀጠልም ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ይህ ሲደጋገም፣ ዓይን አፋር ብሆንም፣ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባቴ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ... ድምፁን ቢያጠፉት?»

«ኧረ ተወኝ ልጄ! ድሮ በቃሌ ነበር የምደግመው። ዛሬ የእናቴ ሙት ዓመት ነው፤ መቃብሬ ላይ በቃልህ ድገምልኝ ብላ አደራ ሰጥታኝ ነበር። ይኸ ጉድ ከገባ ወዲያ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልረጋ አለ። እንካ፣ ያዝልኝ!»

ስልኩን ሰጥተውኝ ዓይናቸውን ጨፈኑና በቃላቸው ጀመሩ። ጥቂት መስመር በጥሩ ዜማ ወጣላቸው፤ ከዚያ ጠፋባቸው።

«ቀጥሎ ምን ነበር?» አሉኝ።

ከስልኩ ላነብላቸው ብል ተቆልፎ ነበር። መኪናው አንበሳሜ ሲገባ ዓይናቸው እንደ ተጨፈነ ነበር፤ አውራ ጣታቸው ብቻ ስልክ የሌለበትን ጉልበታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይጠርግ ነበር።