የእትዬ አረጋሽ ጭስ መውጫ

እኔ አስቻለው እባላለሁ። ጓሳ አፋፍ ላይ ካለችው መንደራችን እስከ ቀየት ድረስ ምድጃ ሠሪ ሲፈለግ ስሜ ይጠራል። ከሠራኋቸው ሁሉ ግን አንዱ ዕድሜዬን ሊያሳጥረው ተነሥቷል፤ እሱም የገዛ እህቴ የእትዬ አረጋሽ ምድጃ ነው።

እትዬ አረጋሽ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። የእሷን ፈትል ሸማኔ ሁሉ ይሻማበታል። አምና ዓይኗ መቅላትና ውኃ ማዝነብ ጀመረ፤ ክሩ ሲቀጥንና ሲወፍር መለየት አቃታት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያከማት ልጅ ቁርጡን ነገራት፦ "እማማ፣ ከጭስ ካልራቁ ዓይንዎ ይጠፋል።"

በዚያው ሳምንት አሮጌ ምድጃዋን አፍርሼ በጭቃና በገለባ አዲስ ሠራሁላት። ከኋላው የቆርቆሮ ቧንቧ ተክዬ ጭሱን በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ አወጣሁት። ቤቱ ጠራ። እሷም መረቀችኝ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

የት አባቱ! ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ተመልሶ ጭስ በጭስ ሆኗል ተብዬ ተጠራሁ። ሄጄ ባይ፣ ቧንቧው ከውጭ በኩል በአሮጌ ባና ቁራጭ ተወትፏል። እሳቱ ታፍኖ ጭቃውን ሰንጥቆታል፤ ቧንቧው ውስጥ ጥቀርሻ ተጋግሯል። ማን ነው ይኼን ያደረገው? አልኩ። እትዬ አረጋሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች በአገጯ ወደ ባሏ ጠቆመችኝ።

"ሙቀቱ ይወጣል ብሎ ነዋ!"

ባሏ ጋሼ ጫኔ ባና ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ዓይኗ ሊጠፋ ነው እኮ!" አልኳቸው። አቀርቅረው ባናቸውን ጠበቅ አደረጉ።

ጥቀርሻውን ጠርጌ፣ ስንጥቁን መርጌ፣ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። ከዚያ በኋላማ ተዉት፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ስከፍተው ይወተፋል፣ ስመርገው ይሰነጠቃል። ትልቅ ሰው ናቸው እያልኩ የቻልኩትን ያህል ቻልኩ። አንድ ቀን ግን አልሆነልኝም፤ ጎረቤት እየሰማ፣ "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ለርስዎ ነው!" ብያቸው አረፍኩ። እሳቸው እቴ! ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሰሞኑን ከገበያ ስመለስ በቤታቸው በኩል አለፍኩ። ቧንቧው ጭስ አይተፋም፤ ጭሱ በበሩና በጣራው ሣር መሀል ይትጎለጎላል። ደሜ ፈላ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ገባሁ።

"የታሉ ጋሼ ጫኔ? ዛሬስ አይለቁኝም፣ አልለቃቸውም!"

እትዬ አረጋሽ ብቻዋን ናት፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

"ዘመሮ ከተማ ነው ያለው። ልጃችን አደይ የልጇ ክርስትና አላት አይደል? ከትናንት ወዲያ የሄደ ነው፣ አሁን መምጫው ደርሷል።"

"ከትናንት ወዲያ የሄደ ሰው ታዲያ ይኼን ቧንቧ በመንፈስ ወተፈው?"

ጎንበስ ብላ እንጨት ጨመረች። አስቡት፣ እዚያው ፊቴ ላይ እንጨት ጨመረች!

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ! ምን ታደርገኛለህ?" ብላ ቱግ አለችብኝ። "አምና የሳንባ ምች ይዞት ከሞት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ብርድ አይችልም። ሌሊት ጥርሱ ሲንገጫገጭ የምሰማው እኔ ነኝ። ጓሳ ሜዳ ላይ ከበግ ጋር ሲያድር የኖረ ወንድ 'በረደኝ' ይላል? ከሚል ይሞታል! ቤቱን አሙቄ እጠብቀዋለሁ።"

"ዓይንሽስ?"

"ዓይኔ ቢጠፋ በእጄ ዳብሼ አገኘዋለሁ። እሱ ከሄደ በዓይኔ የት አገኘዋለሁ?"

ወጥቼ ውታፉን መንጭቄ ጣልኩና፣ ዶማ አንሥቼ መደቡን ከግርጌው መቆፈር ጀመርኩ። ቧንቧው በመደቡ ሆድ አልፎ ከወጣ ጭሱ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ለመኝታው ይቀራል። ይኼን ድሮ ማን ከለከለኝ? "ብርድ ነው" የሚል አንድ አፍ ከዚህ ቤት ጠፍቶ ስንት ጊዜ ጭቃ አስቦክተውኛል!

መደቡን አጋምሼ ሳለሁ ጋሼ ጫኔ ደረሱ። እትዬ የመጡበትን በቅሎ ተቀብላ ውኃ ልታጠጣ ሄደች። እሳቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ገቡና ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ነፋሱ እንኳ ደኅና ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ ቧንቧውን የምትወትፈው እሷ መሆኗን ያውቁ ነበር?"

በሩን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዴት አላውቅም? ማታ እንቅልፍ ሲወስዳት ወጥቼ እነቅለዋለሁ። ሲነጋ ደግሞ ትወትፈዋለች።"

"በዚያ ቁር? ኧረ በስመ አብ! ሁለታችሁ ናችሁ ለካ ስትጫወቱብኝ የከረማችሁት! እሺ፣ ጎረቤት እየሰማ ስሰድብዎ ለምን ዝም አሉ?"

ፍም ዳር ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

"እኔን ብትሰድበኝ ምን እሆናለሁ? እሷን ብትቆጣት ታለቅሳለች። በዚያ ዓይኗ ታልቅስ?"