ብርማው ሳጥንና የፋርማሲስቱ ጆሮ

አጎቴ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ሌላው ሞተር ፈታትቶ የሚያገኘውን ብልሽት እሱ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ያገኘዋል። «ሦስተኛው ኩሽኔታ ነው፤ ከወር በላይ አይቆይም» ይላል። ወር አይሞላውም።

ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት በሙዚቃ ተለከፈ። እውነቱን ለመናገር በሙዚቃው ሳይሆን ሙዚቃው በሚያልፍባቸው ዕቃዎች ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ቁመታም ስፒከሮች፣ አንድ ከባድ አምፕሊፋየር፣ ከሁሉ አስበልጦ የሚሳሳላቸው ደግሞ መለወጫ የሚላቸው ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ነበሩት፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ብርማ። እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ የጀመርኩበት ሰሞን ስለነበር የምኖረው እነሱ ቤት ነበር። ነገሩን ለሚስቱ ለአክስቴ ሲያስረዳት አሁንም ድምፁ ይመጣብኛል።

«ዘፈኑ ሲዲው ላይ ያለው በቁጥር ተጽፎ ነው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያውቅም። እነዚህ ቁጥሩን አንብበው ወደ ድምፅ ይመልሱለታል።»

«አንዱ ካነበበ ሌላው ምን ይሠራል?»

«አነባበባቸው ይለያያላ!»

«እንደ እኔና እንደ አንተ በለኛ» አለችው። መነፅሩን በየቀኑ የምትፈልግለት እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት አምስት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከሁሉ የሚቀርበው አብሮ አደጉ ፋርማሲስቱ ነበር። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ኮቱን ሳያወልቅ የሚቀመጥ ሰው ነው። መንገዳችን ጥግ ላይ ባለው ፋርማሲ ባንኮኒ ኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሟል። አጎቴ ከእሱ ሌላ በምላሱ የሚጎነትለው ጓደኛ አልነበረውም፤ ምክንያቱም ሌላው አጸፋውን ይመልስለታል።

ብርማው ሳጥን ገና በመጣ ሰሞን አጎቴ አንዱን ዘፈን በሁለቱም አሰማና ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«እህስ?»

ሁሉም ተደነቁ። ብርማው የጠራ ነው አሉ፤ ዘፋኟ አጠገባችን የቆመች ትመስላለች አሉ። ፋርማሲስቱ ብቻ ሳጥኖቹን እያፈራረቀ ያያል።

«አንተስ?»

«እኔ እንኳ ልዩነቱ አልገባኝም። ሁለቱም ያው ናቸው።»

«ያው ናቸው?» አጎቴ ከወንበሩ ተነሣ። «አንተ ሰውዬ፣ የሱቅህን ጥጥ ሁሉ ጆሮህ ውስጥ ነው እንዴ የጨረስከው?»

ሳሎኑ በሳቅ አወካ። እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር፤ አጎቴ ግን ወዳጁን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አስቀመጠውና ሳጥኖቹን እየቀያየረ «ይሄስ የቱ ነው? ይሄስ?» ይለው ጀመር። ፋርማሲስቱ ሳተ፣ ደግሞ ሳተ፣ አንዴ አገኘ፣ ሳተ። ቀጥሎ አጎቴ ራሱ ዞሮ ተቀመጠ፤ አክስቴ አሥር ጊዜ ቀያየረችለት። አሥሩንም አንድ ሳይስት ጠራቸው።

«ዕድሜ ነው መቼም» አለ ፋርማሲስቱ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ወሬው ግን ይመጣ ነበር። የራሱን ሙዚቃ ማጫወቻ ለእህቱ ልጅ ሰጥቷል፤ «ለደንቆሮ ምን ያደርግለታል?» ብሎ። ቀጥሎ የሰማነው የባሰ ነበር። የመድኃኒት መጠን በስህተት ሰምቼ ሰው እጎዳለሁ ብሎ ፈርቶ፣ ከባንኮኒው አንሡኝ ብሎ ለምኖ፣ ኋላ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሊቆጥር ገብቷል።

አጎቴ ይህን ከሰማ በኋላ ሁለት ቀን ሳጥኖቹን አልከፈታቸውም። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ «የሚሰማ ነገር ሁሉ ይለካል» አለና ለሥራ የሚይዘውን ቴስተር ከቦርሳው አወጣ። ሐሳቡ የብርማውን ብልጫ በቁጥር ማሳየት ነበር። ለወዳጁ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ጥፋቱ የጆሮህ አይደለም፣ ልዩነቱ ረቂቅ ሆኖ ነው ሊለው። አንድ ወጥ ጩኸት ያለበት የመሞከሪያ ሲዲ ከፍቶ በሁለቱም ለካ። ጥቁሩ ሁለት ቮልት። ብርማው ሁለት ከሩብ።

ደግሞ ለካ። ያው ነው።

«ምነው?» አለች አክስቴ።

«ብርማው ይጮኻል።»

«ብልሽት ነው?»

«አይደለም። ትንሽ ነው የሚጮኸው። ጮኸ ብለሽ እንኳ አትይም። ጆሮ ግን በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ ጠራ፣ ቀረበ ነው የሚለው። ይሄንን አንድ ጀማሪ ኤሌክትሪሺያን እንኳ ያውቀዋል። መጀመሪያ ማስተካከል፣ ከዚያ ማወዳደር። እኔ ሳላስተካክል…»

በአምፕሊፋየሩ የድምፅ መጨመሪያ ዙሪያ በእርሳስ ሁለት ጭረት አደረገ፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለብርማው፣ ቴስተሩ ስፒከሩ ላይ እኩል የሚያሳይበት ቦታ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። አክስቴ ሽቦውን ትነቅላለች፣ ትሰካለች፣ ቁልፉን ጭረቱ ላይ ታደርሳለች፤ እኔ እመዘግባለሁ። ሃያ ጊዜ ጠየቅነው። አሥራ አንዱን አገኘ።

«ከግማሽ በላይ ነው እኮ» አለች አክስቴ ልታጽናናው።

«ጆሮ የሌለውም በግምት አሥር ያገኛል።»

በማግስቱ ወደ ወዳጁ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። ሥራ በዛ አለ፤ ጉንፋን ያዘኝ አለ። ቅዳሜ ሰዎቹ ሲመጡ ብርማውን ሳጥን ጥቁር ጨርቅ አልብሶ «ተበላሽቷል» አላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ስም ለተጠራ ሰው ያ ስም ከቆዳው አይለይም፤ ዛሬ በእሱ ዕድሜ ስሆን ይገባኛል። ያኔ ግን አልገባኝም፤ ተናድጄበት ነበር። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት አክስቴ ቁርስ እያቀረበች፣ «ትናንት የወዳጅህን ሚስት መንገድ ላይ አገኘኋት» አለች። «ስልክ እንኳ አያነሣም አለችኝ። እሳሳታለሁ እያለ።»

አጎቴ ሲኒውን አስቀመጠ። «ያንን አምፕሊፋየር በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለኝ።

ዕቃውን በሙሉ በታክሲ ጭነን ወደ ፋርማሲስቱ ቤት ሄድን። የፋርማሲስቱ ሚስት በሩን ከፍታ የተሸከምነውን ስታይ መንገድ ለቀቀችልን። እሱ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሲያየን እጁን ከጆሮው ኋላ አደረገ፤ ገና ማንም ሳይናገር።

«ስማ ወንድሜ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ አጎቴ። ቆሞ ነው የተናገረው። ቮልቱን፣ ጭረቱን፣ ከሃያ አሥራ አንዱን፣ ምንም ሳያስቀር። «ብርማው ይጮህ ነበር። እኔ የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ያው ናቸው ያልከው አንተ ነህ፣ ልክም የነበርከው አንተ ነህ። ጆሮህ ምንም አልሆነም።»

ፋርማሲስቱ እጁን ከጆሮው ቀስ ብሎ አወረደ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሦስት ወር ሆነኝ።»

«ሦስት ወር!» ያለችው ሚስቱ ናት። «ሦስት ወር ሙሉ ሰው ይሰማል ብዬ እንኳ ሳልፈራ ‹እራት ቀርቧል!› እያልኩ ስጮህ! ጎረቤቱ ሁሉ የተጣላን መስሎት ሊያስታርቀን እኮ መጥቷል!»

ከእኔ አፈትልኮ የወጣውን ሳቅ መመለስ አልቻልኩም። ሚስትየዋም አፏን ያዘች። ሁለቱ ወንዶች አልሳቁም።

ዕቃውን ገጣጠምነው። አጎቴ በቴስተሩ እየለካ እኩል አደረጋቸውና ሁለቱም ተራ በተራ ተፈተኑ። ሁለቱም ሳቱ፤ ሁለቱም አገኙ፤ እንደ ሳንቲም ውርወራ። ፋርማሲስቱ በመጨረሻ የመዘገብኩበትን ወረቀት ተቀብሎ መስመር በመስመር አየው።

«ይቅር በለኝ» አለው አጎቴ።

«ዛሬ አትጠይቀኝ» አለ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ። «ሙዚቃውን ግን አታጥፋው።»

ዕቃውን እዚያው ትተነው ወጣን። አጎቴ ቤት ሁለቱ ስፒከሮች የነበሩበት ወለል ላይ የነጣ ቦታ ብቻ ቀረ።

ከሳምንት በኋላ ከሥራ ስመለስ አጎቴን ከፋርማሲው ማዶ ቆሞ አገኘሁት። «ግባና አስፕሪን ግዛልኝ» አለኝ። ራሱን እንዳላመመው አውቃለሁ። ገባሁ። ፋርማሲስቱ ባንኮኒው ኋላ ነበር፤ ነጭ ጋውኑን ለብሷል። ከፊቴ የነበረች ወጣት ሴት ወደ ባንኮኒው ተጠግታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት ብላ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀችው። ከኋላዋ አንድ እርምጃ ብቻ ርቄ ቆሜ አንዲት ቃል አልሰማሁም። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ከመደርደሪያው አንድ ፓኬት አንሥቶ በወረቀት ጠቀለለላትና አወሳሰዱን እንደ እሷው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት።

አስፕሪኑን ረስቼ ወጣሁ።

«እህስ?» አለኝ አጎቴ።

ያየሁትን ነገርኩት።

«አጎንብሶ ነው የሰማት?»

«ቀጥ ብሎ ቆሞ።»

«አላስደገማትም?»

«አላስደገማትም።»

ከማዶ ሆኖ በመስታወቱ ውስጥ ነጩን ጋውን አየ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ገባ።