የሰገነቶቹ መነጽር

እትዬ መነጽር ውሸታም ዓይን ታውቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ የመነጽር ሱቋ ውስጥ፣ ከፊደል ሰሌዳውና ከሌንስ መሞረጃው ማሽን መሃል ቆማ የሰው ዓይን ስትመረምር ኖራለች። የታመመውን፣ የደከመውን፣ ያረጀውን ሁሉ አክብራ ታስተናግዳለች። የማታከብረው አንድ ዓይነት ዓይን ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታምሜያለሁ የሚለውን። በዚያ ዓመት ደግሞ ይኸው ዓይን በሽበሽ ሆነላት።

ነገሩ የጀመረው ከሱቋ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሰገነት አለች። ስፋቷ ከአንድ ጠረጴዛ አይበልጥም፣ ወንበር የላትም፣ ዝናብ ሲዘንብ ታንጠባጥባለች፣ ከሥሯ የተማሪዎች ሽንት ቤት ስላለ ሽታው ሽቅብ ይወጣል። በእረፍት ሰዓት ስድስት ሴት ልጆች ይቆሙባታል። ሌላ ሰው አይቆምባትም። ማን ከለከለ ቢባል ማንም፤ ለእነሱስ ማን ፈቀደ ቢባል ማንም። ብቻ ትምህርት ቤቱ በሙሉ “ሰገነቶቹ” ይላቸዋል፤ እነሱም ከሽንት ቤት በላይ መቆማቸውን ከሰው በላይ እንደ መቆም ይቆጥሩታል።

አለቃቸው ረጅሟ ናት። ሌላ ምን ሙያ እንዳላት የሚያውቅ የለም፤ ረጅም ናት፣ በቃ። ይህቺን ልጅ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር ራስ ምታት ያዛትና እናቷ ይዛት መጣች። እትዬ መነጽር መረመረችና ቀለል ያለች መነጽር ሠራችላት፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ቀጭን ፍሬም። “ለማንበቢያ ብቻ” ብላ አስጠነቀቀቻት። ልጅቷ ግን ለማንበቢያ የተሰጣትን ለመታያ አደረገችው። በሳምንቱ የቀሩትንም አምስት ሰገነቶች ራስ ምታት ያዛቸው።

ሁሉም እናቶቻቸውን እየጎተቱ ተራ በተራ መጡ። የመጀመሪያዋ ከሰሌዳው ላይ የጡብ ያህል ትልቅ የሆነውን ፊደል ዓይኗን አጨንቁራ እያየች “አይታየኝም” አለች። እትዬ መነጽር ምንም ሳይመስላት ከወዲያኛው ግድግዳ ጫፍ ጠቆመችና፣

“እዚያ ላይ ያለችው ዝንብ ናት እንዴ ልጄ?” አለቻት።

“አይ፣ ምስማር ናት” አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ።

“ጎሽ! እኔ እንኳ አላየኋትም። ተነሺ በቃ።”

ከዚያ ወደ እናትየው ዞራ፣ “የልጅሽ ዓይን የንስር ዓይን ነው። በሽታዋ ሌላ ነው፤ የሱን መድኃኒት ደግሞ እኔ አልሸጥም” አለች። እናትየው አፈረች፣ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፣ እናትየውም ትንሽ አንገራገረችና “ባዶውንም ቢሆን ስጪያትና እንገላገል” አለች። እትዬ መነጽር ቁጥር የሌለው ባዶ ሌንስ ሞርዳ፣ ከክቡ ፍሬም ገጥማ ሰጠች። ለአምስቱም እንዲሁ። ገንዘባቸውን ተቀበለች፤ ንቀቷን ግን አልደበቀችም። ሰገነቶቹ በሱቋ በር ሲያልፉ፣ “ይኸው መጡ፣ ምስማር አይተው ፊደል የማያዩት!” ትልና ለደንበኛው ሁሉ ታስቃለች።

እንዲህ የምትጠላቸው በከንቱ አይደለም። የወንድሟ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ትማራለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗም በእውነት ደካማ ነው፤ ማይነስ ሰባት። ያለ መነጽር ከአንድ ክንድ ወዲያ ያለው ሁሉ ቅርጽ የለውም። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጋት አባቷ ነው፤ ቀለም ቀቢ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ አክስቷ ሱቅ ትመጣና ፍሬም ስትወለውል ትቆያለች፤ አባቷ ከሥራ ሲወጣ ይወስዳታል። ያን ወፍራም መነጽር ማድረግ ከጀመረች ወዲህ ስሟ አንዴ “አራት ዓይና”፣ አንዴ “ጠርሙሴ” ሲሆን ኖሯል።

እንግዲህ መነጽር ድንገት የክብር ልብስ ሲሆን ይህቺ ምስኪን ቀኔ ደረሰ ብላ አሰበች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተሰደበችበት ነገር ይኸው ሊያስከብራት ነው! አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ደረጃውን ወጣችና እናንተ ጋ ልቁም ብላ ጠየቀች። ረጅሟ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

“የኛ እኮ ፋሽን ነው፤ ያንቺ በሽታ ነው” አለቻት።

ልጅቷ ይህንን ለአክስቷ ስትነግራት የሳቀች ለመምሰል ሞከረች፤ አገጯ ግን እየተንቀጠቀጠ አሳጣት። እትዬ መነጽር የያዘችውን ፍሬም ወርውራ ተነሳች።

“እነዚህ የሽንት ቤት ዘበኞች! ተበድረው የታመሙትን በሽታ ከባለቤቷ ሊቀሙ! አንቺስ ምን ቸገረሽ? የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም?”

“አንቺ አይገባሽም አክስቴ። እዚያ ካልቆምኩ የት ልቁም?”

“ግቢው ሰፊ ነው፤ የትም ቁሚ!”

ልጅቷ ወደ ፍሬም መወልወሏ ተመለሰች። እትዬ መነጽርም ጥያቄውን እንደ መለሰች ቆጥራ ወደ ማሽኗ ዞረች። ንቀት ሲበዛ ጆሮ ይደፍናል፤ የተጠየቀችው ስለ ግቢው ስፋት እንዳልነበር ያን ጊዜ አልገባትም።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሱቁ የምትመጣው እየዘገየች ሆነ። ከጓደኞቿ ጋር እንደምታጠና ተናገረች። አክስቷ “እሰይ፣ ሰው አገኘሽ” አለችና ተወችው። በዚያው ሰሞን ከመደርደሪያው ላይ አንድ ክብ ጥቁር ፍሬም ጎደለ፤ እትዬ መነጽር ደንበኛ የሰረቃት መስሏት በሌባው ላይ እርግማን ስታወርድ ዋለች።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ወንድሟ ቱታው በቀለም እንደተዥጎረጎረ ወደ ሱቋ ገባ። ሥራ ጥሎ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ወንበሩን እንዳያቆሽሽ ጋዜጣ አነጠፈና ተቀመጠ።

“እትዬ፣ ልጅቷን ከነገ ጀምሮ አልወስዳትም” አለ። “ራሷ ትምጣ። አድጋለች እኮ።”

“ምን ሆነህ ነው?”

“ምንም።”

“ምንም ያልሆነ ሰው ሥራውን ትቶ እዚህ ድረስ አይመጣም። ተናገር!”

እጁን እያየ አወጣው። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን የመድኃኒት ቤት ግድግዳ እየቀባ ነበር። ጠዋት፣ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ልጁ ከስድስት ሴት ልጆች ጋር ስታልፍ አያት።

“ከሰው ጋር ሆና አይቻት አላውቅም እኮ። ደስ ሲለኝ ጊዜ እጄን አወዛወዝኩላት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው። ከዚያ አለፈች።”

“ምንም ሳትል?”

“ምን ትላለች፣ አለፈች። እኔም በዚህ ልብስ… ልጅ ናት እትዬ። ጓደኛ ገና አሁን ማግኘቷ ነው። እንዳትናገሪያት፤ ሆድ ይፍጀው።”

ጋዜጣውን አጣጥፎ ወጣ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፤ እትዬ መነጽር በሩን ዘጋችና ስለ ወንድሟ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ደሟ ፈላ። ስድስቱን ከነእናቶቻቸው ረገመቻቸው፤ ለወንድሟ ልጅም በሕይወቷ የማትረሳውን ስድብ እያዘጋጀች እስክትመጣ ጠበቀች።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሰገነቶቹ እየተንጫጩ ልጅቷን እስከ በሩ ሸኟትና ሄዱ። ልጅቷ ገባችና መስቀያው ላይ ለተንጠለጠለው ነጭ ጋውን፣ “እንዴት ዋልሽ አክስቴ?” አለችው።

እትዬ መነጽር ከባንኮኒው ኋላ ሆና አፏን ከፍታ ቀረች። የተዘጋጀው ስድብ ከጉሮሮዋ ተመለሰ። ጠጋ ስትል በልጅቷ አፍንጫ ላይ ያ የጠፋው ክብ ፍሬም ተቀምጧል። ከፊቷ ላይ ነጥቃ ወደ መብራቱ አነሳችው። ሌንስ እንኳ የለውም! አዲስ ፍሬም ከፋብሪካ ሲመጣ እንዳይጣመም የሚገባበት ተራ ፕላስቲክ ነው፤ ጥጉ ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ እንኳ ገና አልተላጠም።

“ይሄን አድርገሽ ነው ሦስት ሳምንት የከረምሽው?”

ልጅቷ አቀረቀረች። “ይቺን ክብ ፍሬም ካደረግኩ ሰገነቱ ጫፍ ላይ እንድቆም ፈቀዱልኝ። ለሙከራ። እዚህ ከመግባቴ በፊት እቀይር ነበር፤ ዛሬ ግን እስከ በሩ ሸኙኝ።”

“ጥቁር ሰሌዳውስ?”

“አይታየኝም።”

“መንገድ እንዴት ትሻገሪያለሽ?”

“እነሱ ሲሻገሩ ተከትዬ።”

ታውረናል የሚሉ ጤነኞች የማታየዋን እየመሩ መንገድ ያሻግራሉ! እትዬ መነጽር ለዚህ የሚሆን ስድብ ስትፈልግ ሳለች ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ይህቺ ልጅ መንገድ ማዶ መሰላል ላይ የቆመ ሰው አይደለም፣ መሰላሉንም አታይም! ዓይን ለዓይን ተያየን ያለው ወንድሟ የተያየው ከፕላስቲክ ጋር ነው። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ልጅቷ አንድ ቃል ከመተንፈሷ በፊት እትዬ መነጽር ስልኳን አንስታ ለወንድሟ ደወለች።

“አላየችህም! ስማ አንተ፣ አላየችህም! ባዶ ፕላስቲክ አድርጋ ነው የከረመችው፤ እኔን ትታ ጋውኔን ሰላም ስትል አሁን በዓይኔ አየሁ! ውሸቴን ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!”

ከወዲያ በኩል ወንድሟ ሳቅ አለ።

“አላልኩሽም? ርቀትም ነበረው እኮ፤ ፀሐዩም በፊቷ በኩል ነው። ተመስገን! በያ እንዳትሄድ፤ መጥቼ እወስዳታለሁ።”

እትዬ መነጽር ስልኩን ዘግታ ፊቷ እያበራ ዞረች። ልጅቷ ግን ባለችበት ደርቃ ቆማለች።

“ማንን ነው ያላየሁት?” አለች።

“አባትሽን ነዋ! ዛሬ ጠዋት የመድኃኒት ቤቱን ግድግዳ ሲቀባ እጁን አወዛውዞልሽ ነበር። ናቀችኝ ብሎ ቅስሙ ተሰብሮ መጣ። አሁን ነገርኩት፤ አይዞሽ።”

“እጁን አላየሁም” አለች ልጅቷ።

“እኮ!”

“ጠርቶኝ ነበር።”

እትዬ መነጽር ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ልጅቷ ቀጠለች፤

“ሁለት ጊዜ ጠራኝ። ‘ሚጡዬ’ ብሎ። ረጅሟ ‘ይሄ ሰውዬ አንቺን ነው እንዴ?’ አለችኝ። ሰካራም ነው መሰለኝ አልኳት። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።”

“እሱ ሰማሽ?”

ልጅቷ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ እየጠመዘዘች፣ “መንገዱ ጠባብ ነው አክስቴ” አለች።

እትዬ መነጽር ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወንድሟ ያን ሁሉ ሲነግራት መጥራቱን አላነሳም፤ የተመለሰለትንም አላነሳም። አሁን ደግሞ ርቀትና ፀሐይ ጨምሮ የራሷን ማስተባበያ መልሶ አቀበላት። እሷ ስድስቱን ስትንቅ፣ እናቶቻቸውን ስትንቅ ስንት ወር ሙሉ ኖራለች፤ ባዶውን ሌንስ ሞርዳ ለአምስቱ ያደለችው ግን ራሷ ነበረች። አሁን ፊቷ የቆመችውን ልትንቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። የመጣላት እዝነት ነው።

“መነጽርሽ የታለ?”

ልጅቷ ወፍራሙን መነጽር ከቦርሳዋ ሥር፣ በካልሲ ከተጠቀለለበት አወጣች።

“አድርጊውና ተቀመጪ። ሲመጣ አላየሁህም እንዳትይው።”

“ታዲያ ምን ልበለው?”

“እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ እንዳትዋሺው፤ ስላንቺ የሚዋሸው እሱ ይበቃል።”

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቀለም ቀቢው በሩን ከፍቶ ገባ። ቱታውን ቀይሯል። ለሐዘንና ለሠርግ ብቻ የሚያወጣትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቷል፤ እጆቹ በጋዝ ተፈትገው እስኪቀሉ ድረስ ታጥበዋል። “ደግሞ ጓደኞችሽ ገና አልሄዱ ይሆናል ብዬ ነው” አለ፣ ሸሚዙን እያሳያቸው እንዳይመስል ወደ መደርደሪያው ዞር ብሎ።

ልጅቷ ወፍራሙን መነጽር አድርጋ ስለነበር ሁሉንም አየችው።