ኮሮጆ ያሏት እህቴ

የእህቴን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ባሏ ሶርሳ ጠዋት እኔ ወዳለሁበት ቦዲቲ ደውሎ «ብሩክታይትን ትንሽ አሟታል፣ ሱቁን ዝጊና ነይ» ብሎኝ ነበር። ትንሽ ለታመመ ሰው ሱቅ ዝጊ እንደማይባል አውቃለሁ፤ ግን ሶዶ መናኸሪያ እስክደርስ ድረስ ታማ ነው እያልኩ መጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ሰፈሩን ስነግረው፣ ሹፌሩ በመስታወት ነጠላዬን አየና፣

«ለቅሶ ነው ማዘር? መምህርት ኮሮጆ ቤት?» አለኝ።

«ማን ቤት?»

«ኮሮጆ ቤት። ትናንት አረፈች አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሳመላልስ ነበር።»

ክፋት አልነበረበትም። ስሟን አያውቅም፤ ሰው በሚጠራት ነው የጠራት። በሩ ላይ ወረድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል።

ብሩክታይት ታናሼ ነበረች። ሶዶ አንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ሳይንስ ታስተምር ነበር፤ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ልጆችን ታስተምራለች። ድምጿ ለዝማሬ አይሆንም። የልጆቹን ስም ግን አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም፤ የሁሉንም ከነአባታቸው ትጠራ ነበር።

አዲስ ክልል ይመሥረት ወይስ አይመሥረት በተባለበት በ2015ቱ ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ምርጫ አስፈጻሚ ሆና ተመለመለች። ሠልጥና የአንድ ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆነች። እኔ የአስፈጻሚ ሥራ ጣት ላይ ቀለም መቀባት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ነገረችኝ፦ ጠዋት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ለታዛቢ ማሳየት፣ ማሸግ፣ የመጣውን ሰው ማንነት ማረጋገጥ፣ አመራረጡን ማስረዳት፣ ማታ በታዛቢ ፊት መቁጠር፣ ውጤቱን በር ላይ መለጠፍ። ከሁሉ የከበዳት ማስረዳቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ እየላጥን ሳለን ቢላዋዋን አስቀምጣ ተነሳች፣ ሁለት እጇን ከኋላዋ አጣምራ በወላይትኛ ጀመረች።

«ምልክቶቹ ሁለት ናቸው። ከሁለቱ የፈለጉትን አንዱን ይምረጡ።»

«እጅሽ ምን ሆነ? እስረኛ መሰልሽ እኮ።»

«ጣቴ ወደ አንዱ እንዳያደላ ነው። አሮጊቶቹ ቃሌን አይሰሙም፣ ጣቴን ነው የሚያዩት።»

«እንግዲያው አገጭሽንም እሰሪው፤ ወደ ግራ እያመለከተ ነው።»

ሳቀች። ቀጥላ አገጯን ቀጥ አድርጋ ከመጀመሪያው ደገመችው።

የድምፅ መስጫው ዕለት ምን እንደገጠማት የሰማሁት ከእሷ አይደለም። አጎታችን ባዳቾ፣ የአባታችን ታናሽ ወንድም፣ እሷ ልጆች የምታስተምርበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በሳምንቱ ቦዲቲ ሱቄ መጡ።

«እህትሽ አዋረደችኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን አድርጋ አጎቴ?»

«የሚስቴንና የሁለቱን ምራቶቼን ካርድ ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ እኔው ልምረጥላቸው አልኳት። ‹የእርስዎን ብቻ ነው የምቀበለው፣ እነሱ ራሳቸው ይምጡ› ትለኛለች፣ በሰው ፊት! በትከሻዬ ተሸክሜ ያሳደግኳት!»

«ታዲያ ሴቶቹ መጡ?»

«መጡ እንጂ፣ ምን ያድርጉ። ምሳ የሚሠራልኝ ጠፍቶ ጦሜን ዋልኩ።»

ሻይ አስመጣሁላቸው፤ ጠጥተው ሄዱ። ብሩክታይትን በስልክ ስጠይቃት «ጣቢያ ውስጥ የሆነ ነገር ለወሬ አይወጣም፣ ለአንቺም ቢሆን» አለችኝና ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ።

ብዙም ሳይቆይ የዞናችን ውጤት ተሰርዞ ድምፅ አሰጣጡ እንዲደገም ተወሰነ። በአንዳንድ ጣቢያዎች ጥሰት ተፈጽሟል ተባለ። የእሷ ጣቢያ ስሙ ሲነሳ አልሰማንም። ሰፈሩ ግን በስም የሚያውቀው አስፈጻሚ እሷን ብቻ ነበር። ኮሮጆ ገልባጭ አሏት፤ ቃሉ ሲረዝምባቸው ኮሮጆ ብቻ አሏት። ገበያ ስታልፍ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው የሚከተሏት ነበሩ። «ኮሮጆ፣ ሽንኩርቱን ቁጠሪልን፣ አንቺ ስትቆጥሪ ይበዛል!» ያለቻትን ነጋዴ እኔም አብሬያት ሆኜ ሰምቻለሁ። ብሩክታይት ሽንኩርቷን ገዝታ አመስግና ሄደች።

አንድ እሑድ አጎታችን መድረክ ላይ ወጡ። «ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እህት ብሩክታይት ልጆችን ከማስተማር ታግዳ ትቆያለች» አሉ። ከጉባኤው በኋላ ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«የሚያጣራው ማን ነው?»

«ጌታ ያጣራል» አሏት።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ሶርሳ ዕረፍት አልሰጣትም፤ «የካርዱን ነገር ተናገሪና ስምሽን አጥሪ» ይላት ነበር። እኔም ብያታለሁ። መልሷ አንድ ነው፦ «ስሜን ለማጥራት ብዬ የመራጭ ነገር ካወጣሁ፣ ያኔ ያሉኝን ሆንኩ ማለት ነው።» እሷ ያልነገረችንን ነገር አጎታችን ራሳቸው አፋቸውን ሞልተው ነግረውኛል፤ እሷ ግን አፏን ዘግታ ኖረች። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል ደም ግፊቷ ተነሳ። ክፍል ውስጥ እያስተማረች ወደቀች፤ ሆስፒታል ገብታ አልወጣችም።

ድንኳኑ ውስጥ ስለ እሷ የተናገሩት አጎታችን ናቸው። «ታማኝ አገልጋይ ነበረች» አሉ፤ ሰውም አሜን አለ። ሲወርዱ ጠብቄ አጠገባቸው ሄድኩ።

«አጎቴ፣ ታማኝ ከነበረች እገዳው ለምን አልተነሳም?»

«ልጄ፣ ዛሬ የለቅሶ ቀን ነው።»

«እንግዲያው ቦዲቲ መጥተው የነገሩኝን ለሰው ይንገሩ። ሦስቱን ካርድ አልቀበልም እንዳለችዎ።»

«የምን ካርድ?» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ሶርሳ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ።

ከአርባ ቀን በኋላ ሶርሳና እኔ ለሽማግሌዎቹ አመለከትን። የለመንነው አንድ ነገር ነው፤ በአደባባይ የታገደች ሰው እገዳዋ በአደባባይ ይነሳ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «ለሞተ ሰው እገዳ ማንሳት የሚባል ሥርዓት የለንም» አሉን። ለታገደችበት ምክንያትም አጣሪ ተሰይሞ እንደሆነ ጠየቅን። አጎታችን ጸሎት እናድርግ ብለው ጉባኤውን ዘጉት።

ሰሞኑን ለምርጫ አዲስ አስፈጻሚዎች እየተመለመሉ ነው። ከትምህርት ቤቷ የተመዘገበ መምህር እንደሌለ ሶርሳ ነግሮኛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልጆቹን የሚያስተምር ሌላ ሰው ተተክቷል።

ነገሩን እንዲያጣራ የተመደበ ሰው የለም። እገዳውም አልተነሳም።