ሐሙስ ከአምስት ሰዓት በኋላ የለሁም

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር አጣብቄ፣ ንፋስ እንዳይወስደው፣ ከአስተባባሪው ወንበር ጀርባ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ናት፤ ስድስት ሠራተኞች ነን፤ ስድስታችንም የምንገባበትና የምንወጣበት ሰዓት በአማርኛም በዐረብኛም ተጽፎ፣ ከሥሩ ፈርመንበታል። የእኔ መስመር፦ ሐሙስ ከአምስት ሰዓት በኋላ የለሁም ይላል። እኛ አምስት የምንለውን ሱዳኖቹ አሥራ አንድ ይሉታል፤ ኋላ ሰዓቱ ተምታቶ ነው የሚል እንዳይመጣብኝ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ግንባሬ ላይ ልነቀሰው?

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ከጎንደርና ከመተማ ቆላ ለሰሊጥና ለማሽላ የሚመጡት ሠራተኞች ዐረብኛ አይችሉም፣ ሐኪሙ አማርኛ አይችልም፣ በመሀል እኔ አለሁ። ሰው ደግሞ በቢሮ ሰዓት አይታመምም። ሎሪው ወደ ባሱንዳና ወደ መፋዛ እርሻ ጭኖ ከመሄዱ በፊት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ትኩሳት ያደረበት ሁሉ በራችን ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ አንዱ በውድቅት ይገባል፣ ሌላው አምሽቶ ይወጣል፣ ሌላው ዓርብን ይሠራል። ሰዓታችን የተለያየው ስለተሞላቀቅን አይደለም። ሥራው ነው እንዲያ ያደረገን።

እኔ ሐሙስ ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገብቼ አምስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። የጎደለውን ረቡዕ አምሽቼ እሞላለሁ። የማንንም ደቂቃ አልበላሁም።

ምክንያቱ ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ የገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች በሸሸ ሰው ሞሉና ትምህርት ቆመ፤ ልጅቱ ደብተር ሳትይዝ ስንት ወር ቤት ዋለች። ቢቸግረኝ ድንበሩን አሻግሬ መተማ ዮሐንስ፣ እኅቴ ዘንድ ሰደድኳት። እኔ መሻገር አልችልም። የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው አልፎ ለእድሳት ገብቷል፤ ከወጣሁ አያስገቡኝም፣ ካልገባሁ ደግሞ የሚያስተምራት የለም። ስለዚህ የምንገናኘው ገላባትንና መተማን በምታገናኘው በዚያች አጭር ድልድይ ላይ ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ሐሙስ። የሁለቱም ወገን ጠባቂዎች ለምደውናል፣ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለን ሹሩባዋን እሠራታለሁ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወሬዋን ትዘረግፋለች፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን አንደኛ እንደወጣ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ድንበሩ ይዘጋል። እኔ ገላባት ከማውቃቸው ሰዎች ቤት አድሬ ዓርብ እመለሳለሁ። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የመጨረሻው መኪና የሚነሳው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ያ ካለፈ ቀኑ አለፈ።

የቀድሞው አስተባባሪያችን ይህን ያውቁ ነበር። አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው "አንቺ፣ መኪናሽ" ይሉኝ ነበር። እሳቸው ለቀቁና አንድ ወጣት መጣ። አለቃን እዚህ ሙዲር ነው የምንለው። ሙዲሩ የሐበሻ ልጅ ነው፣ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ስለሆነ አማርኛው መንገድ ላይ ዐረብኛ ይሆንበታል። ልጁ ክፉ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ለውዝ ገዝቶ ይመጣል፣ "እትዬ" ብሎ ቆሞ ሰላም ይለኛል። አንድ በሽታ ብቻ አለው፤ ስብሰባ። ሱዳኖቹ ኢጅቲማዕ ይሉታል። እሱ ግን ኢጅቲማዕም አይለውም። በሩ ላይ ብቅ ብሎ ጣቶቹን ይዘረጋና "ኸምሳ ደጋይግ በስ" ይላል። አምስት ደቂቃ ብቻ ማለቱ ነው።

ስብሰባውን ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ አደረገው። ዓርብና ቅዳሜ ለአብዛኞቻችን ዕረፍት ስለሆነ ሳምንቱን እንዝጋበት ብሎ። ወረቀቱ ከጭንቅላቱ በላይ ነው። ዞር ቢል ያነበዋል። አልዞረም።

በመጀመሪያው የእኔ ሐሙስ፣ ልጄን በማይበት፣ አምስት ደቂቃው አርባ ደቂቃ ሆነ። ወጥቼ ባጃጅ፣ እዚህ ራክሻ የሚሉትን፣ ይዤ በረርኩ፤ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በሩን መትቼ ገባሁ። ማግስቱን አሳልፌ ቅዳሜ ስልክ ደውዬ በትሕትና ነገርኩት። "ልጄን የማያት ሐሙስ ነው፣ አምስት ሰዓት ላይ መውጣት አለብኝ" አልኩት። "ማፊ ሙሽኪላ፣ እትዬ" አለ። ችግር የለም ማለት ነው። እኔም ሞኟ ችግር የለም አልኩ። ላም አለኝ በሰማይ።

አሥራ አምስት ቀን አለፈና ሁለተኛው ሐሙስ መጣ። የዚያን ቀን ሰላሳ አንድ ሰው አስተርጉሜያለሁ፤ ጉሮሮዬ ደርቆ ድምፄ ተዘግቷል። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ሙዲሩ በሩ ላይ ጣቱን ዘረጋ። ገባሁ። የዕለቱ አጀንዳ ስኳር ነበር። የሻይ ስኳር ለምን በሳምንት ሁለት ጊዜ ያልቃል የሚል። ሲስተሯ ሹፌሩ አራት ማንኪያ እንደሚያደርግ ተናገረች። ሹፌሩ ሦስት ነው አለ። ሙዲሩ ጻፈ። በእግዚአብሔር፣ ጻፈ። የሌሊት ዘበኛችን ሐጂ፣ ሥራቸውን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጨረሱ ሽማግሌ፣ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸው ይከደንና ይገለጥ ነበር፤ ስኳር የሌለበት ሻይ ነው የሚጠጡት።

አምስት ተኩል ሆነ። ቦርሳዬን ከጭኔ ወደ ትከሻዬ አነሳሁ። ሙዲሩ አየኝና ፈገግ ብሎ "የሐበሻ ቀጠሮ አታድርጉብን እንጂ፣ ቆይ አንጨርስ?" አለ። ሰው ሳቀ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የቆምኩትን ሴት፣ አንድም ቀን አርፍጄ የማላውቀውን፣ የሐበሻ ቀጠሮ። ልመልስለት ነበር፤ ግን ውሌ በወሩ መጨረሻ ነው የሚታደሰው፣ የሚፈርመውም እሱ ነው። ቦርሳዬን መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ አለቀ። መናኸሪያው ስደርስ የገላባት መኪና የቆመበት ቦታ ላይ አንዲት ፍየል የሐብሐብ ልጣጭ ትበላ ነበር። ሌላ መኪና ለመንኩ። ከዚህ ሰዓት በኋላ ኬላው አያሳልፍም አሉኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ለእኅቴ ደወልኩ፤ ኔትዎርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ። የለም። ልጄን "አትምጪ" ልላት እንኳን አልቻልኩም።

እኅቴ ያገኘችኝ ማታ ነው። ልጅቱ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምራ ድንበሩ እስኪዘጋ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር አለችኝ። ከገላባት መኪና በመጣ ቁጥር ትነሳለች፣ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች፣ ትቀመጣለች። ሹሩባዋን ረቡዕ ማታ ራሷ ፈታ፣ ጸጉሯን አበጥራ ነው ያደረችው፣ እኔ እንድሠራት። ጸጉሯ እንደተበተነ ተመለሰች። ስልኩን ስጪያት አልኩ። "እምቢ አለች፣ ተኝታለች በያት አለች" አለችኝ እኅቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ የምትማረው በከሰዓት ፈረቃ ነው፤ ክፍሉ የሚለቀቀው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ግን አስተማሪዋ የእኛን ነገር ሰምታ፣ በእኔ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትለቃታለች። ያመለጣትን በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ታስጽፋታለች። አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃን የምታስተምር ሴት ናት፤ አንድም ቀን አልረሳችም። ፊርማ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ፕላስተር የለ። ሙዲሩ ግን ያለው ስድስት ሰው ነው። ስድስት።

እሑድ ጠዋት ቢሮ ገባሁና ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ገነጠልኩት። ቀለሙን ይዞ ነው የወጣው። ሙዲሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከለውዙ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"የሰዓት ወረቀት ነው፣ እትዬ።"

"የእኔን መስመር አንብበው።"

አነበበው። ፊቱ ቀላ። ለአፍታ የምር ያዘነ መሰለኝና ልቤ ሊራራ ነበር። ከዚያ ግን "ላኪን... ግን እትዬ፣ ተነስተሽ መሄድ ትችይ ነበር እኮ። ማን ያዘሽ?" አለኝ።

ስኳሩን እችላለሁ፣ ሳቁንም እችላለሁ፣ ማን ያዘሽን ግን አልችልም።

"አንተ የምትፈርምልኝን ውል የምጠብቅ ሴት ነኝ" አልኩት። "አንተ ስብሰባ ብለህ ስትጠራ ተነስቼ ብሄድ ማን ልባል ነው? በሩን ከፍተህ ሂጂ ማለት ሌላ ነው፤ በሩ ላይ ቁጭ ብለህ ማን ያዘሽ ማለት ሌላ ነው። ቅዳሜ ደውዬ አልነገርኩህም?"

"ነግረሽኛል። ረሳሁት። ሳምንቱን በስብሰባ ዝጉ ያሉት ደግሞ ከላይ ናቸው።"

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ከላይ ያሉት ሐሙስ አምስት ሰዓት ብለው ነው ያዘዙህ?"

ሲስተሯ ቴርሞሜትር ማጽዳት ጀመረች፤ የጸዳውን ነበር የምታጸዳው።

"እሺ፣ መቼ ይሁን?" አለኝ በመጨረሻ። ከልቡ ነው የጠየቀው። እኔም ያኔ "ለእኔ የሚመቸኝ" ብዬ አንድ ሰዓት መወርወር እችል ነበር፤ ቂሙ ነበረኝ። ነገር ግን ሐጂ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸው ሲከደን ትዝ አለኝ። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ከላይ ጀመርኩ። ሹፌሩ ማክሰኞ መፋዛ ነው፣ ይቅር። ሲስተሯ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው የምትገባው፣ ይቅር። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ከሐጂ በስተቀር ሁላችንም አለን። ሐጂ ይተኙ፤ ማታ ሲገቡ ሲስተሯ የተባለውን ትነግራቸዋለች። በቃ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል ጊዜ አልወሰደም። ያስቸግር የነበረው ይኼ ነው፤ ጣትን ወረቀት ላይ ማድረግ።

ሙዲሩ ጻፈው፣ ያዘውም። እስከ ዛሬ አላፈረሰውም፤ እውነቱን ልናገር። ወረቀቱንም ራሱ መልሶ ለጠፈው፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት።

የእኔ ሐሙስ መጣ። አምስት ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ አምስት ተኩል ላይ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ለሹሩባዋ አዲስ ማበጠሪያ ገዝቻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድልድዩ ላይ ደረስኩና ቦታችን ላይ ቁጭ አልኩ።

ዘጠኝ ተኩል ሆነ፣ አልመጣችም። አሥር ሆነ። ሰው በመጣ ቁጥር እየተነሳሁ አያለሁ፣ እቀመጣለሁ። እሷ ያን ቀን ያደረገችውን ነው የማደርገው፤ ይኼ የገባኝ ስምንተኛ ጊዜ ስነሳ ይሁን ዘጠነኛ አላስታውስም። አሥራ አንድ ሆነ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ጠባቂው ድንበሩን የሚዘጋበትን ገመድ መፍታት ሲጀምር ልጄ የደብተር ቦርሳዋን እንዳዘለች ከወዲያ ጫፍ ስትሮጥ አየኋት፤ እኅቴ ከኋላዋ።

እቅፌ ውስጥ ገባችና ልቧ ሲመታ ተሰማኝ።

"ምነው ልጄ፣ አስተማሪሽ አልለቀቀችሽም?"

"ሂጂ ብላኝ ነበር" አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "እማ ስብሰባ ይኖራታል፣ ብትመጣም ዘግይታ ነው የምትመጣው ብዬ እዚያው ተማርኩ።"

ምንም ወቀሳ የሌለበት ድምፅ ነው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጸጉሯን ለመዳሰስ እጄን ዘረጋሁ። ሹሩባው ተሠርቷል፤ ጥብቅ ብሎ፣ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ ትላንት ማታ፣ በእኅቴ እጅ። ማበጠሪያውን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጠባቂው ገመዱን ይዞ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ያውቀናል። አየኝ፣ ልጄን አየ፣ ከዚያም አምስት ጣቱን ዘርግቶ "ኸምሳ ደጋይግ በስ፣ ያ ኡሚ" አለኝ፣ እናቴ ብሎ።

የእሱ አምስት ደቂቃ አምስት ደቂቃ ነበር።