በቀበሌው መዝገብ ላይ ሠራተኛ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ ስመደብ የቀናብኝ ሰው ብዙ ነው። የት ትተኛለች ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። እኔና የዶርም ጓደኛዬ አጎቷ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን ሁለት ወር አደርን። ከዚያ አጎትየው ልጄ ልትወልድ ትመጣለች፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሳሎኔን ልቀቁልኝ አለን። ምን ይባላል።

ያን ጊዜ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሷል። የቀበሌ ቤት ለመጠየቅ የቀበሌው ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ ነዋሪ ለመሆን ደግሞ እዚያው ቤት ሊኖርሽ ይገባል። የአጎትየው ቀበሌ ጸሐፊ ይህን ሲነግረን የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም። የግል ቤት ያለውም ቢሆን ማከራየት ክልክል ስለሆነ፣ ሰው የሚያስገባው ዘመዴ ነው ብሎ አስመዝግቦ ነው። ከሥራ ስንወጣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ቦሌ ሚካኤል በር እያንኳኳን ዞርን። አብዛኞቹ ገና ሁለት ሴት መሆናችንን ሲያዩ ባል የላችሁም ወይ ይሉና በሩን ይዘጋሉ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከቦሌ ሚካኤል ጀርባ አንዲት ባልቴት ሰርቪስ ቤት አሳዩን። አንድ አልጋ ትይዛለች። መስኮቷን ስትከፍቺ የጎረቤት ግንብ አፍንጫሽ ላይ ነው። እንወስዳለን አልን።

ችግሩ ምዝገባው ነበር። የሴትየዋ እህት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ እንዳላት የዚያ ቀበሌ ጸሐፊ ያውቃል፤ ልጅቷን ግን አይቷት አያውቅም።

«ስለዚህ አንዳችሁ የእህቴ ልጅ፣ አንዳችሁ ሠራተኛ ትሆናላችሁ» አሉ።

ጓደኛዬ ጫማዋን ታይ ጀመር። እኔ መጠበቅ አልወድም። «እኔ ሠራተኛ ልሁን፣ ወረቀት አይደል» አልኩ።

ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው እኔ ማንበብና መጻፍ እችል እንደሆነ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሴትየዋ ቀደሙኝ፦ «ኧረ ከየት አምጥታ! ትናንት ከገጠር መምጣቷ እኮ ነው።» ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን ዘንቢል ውስጥ ደብቄ፣ ነጠላ ተከናንቤ፣ ገበያ የምሄድ መስዬ እወጣለሁ። ይህንንስ ለምጄው ነበር። ወር ሳይሞላ ግን የመሠረተ ትምህርት ጥሪ መጣ። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀበሌው አዳራሽ እንዲገኝ፣ ሰው ያልላከ ቤት ከቀበሌው ሱቅ ስኳር እንደማያገኝ ተነገረ። እማይሆን ነገር ነው ብዬ ሴትየዋ ዘንድ ሄድኩ። ምን አስቀረሽ አሉኝ፤ ከተነቃብንም ከቤቱ የምንወጣው እኔም ጓደኛዬም መሆናችንን ጨመሩልኝ።

ሄድኩ። ቀን መሥሪያ ቤት ሪፖርት ስጽፍ እውላለሁ፣ ማታ «ሀ»ን አጣምሜ እጽፋለሁ። ማጣመም እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ከወሎ የመጣች፣ ግንባታ ላይ ድንጋይ የምትሸከም ሴት ናት። መዳፏ ተሰነጣጥቋል፤ እርሳሱ ይንሸራተትባታል። አንድ ቀን ደብተሬን አየት አደረገችና «አይዞሽ እህቴ፣ የኔም እጅ መጀመሪያ እንዲህ ነበር» አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤት ስገባ የተከበረችው የእህት ልጅ አልጋው ላይ ተጋድማ ጋዜጣ ታነባለች።

«ዛሬ የት ደረሳችሁ?»

««ለ» ላይ።»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከነገ ጀምሮ ሠራተኛዋ አንቺ ነሽ አልኳት። መዝገቡ እንደዚያ አይልም አለችና ገጹን ገለጠች።

በአራተኛው ሳምንት አስተማሪያችን ከክፍል በኋላ ቆዪ አለችኝ። በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ቀን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ ጥቁር ሰሌዳውን ስትጠርግ ቆየች።

«እርሳስ አያያዝሽ የተማረ ሰው ነው» አለች። «የት ነው የጨረስሽው?»

አለቀልን አልኩ። ዋሽቼ መዝለቅ ስለማልችልበት አንድ በአንድ ነገርኳት። ስጨርስ ክፍሉ ስንት ፍራሽ እንደሚያዘረጋ ጠየቀችኝ። አልጋው አንድ ነው አልኳት።

«መሬት ላይስ?»

ለካ ጎሮ ወንድሟ ዘንድ ነው ያለችው፤ ጎሮ ያኔ ገጠር ነው። የምታድረው ኩሽና ውስጥ ነው፣ ጠዋትና ማታ በእግሯ ትመላለሳለች። እየለመነችኝ ይሁን እያስፈራራችኝ አላወቅሁም። እሷም ለይታ ያወቀች አይመስለኝም። አብረን ወደ ቤት ሄድን። ጓደኛዬ ስትሰማ ጋዜጣውን አስቀመጠች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። ሴትየዋ ደግሞ አስተማሪዋን በማን ዘመድነት እንደሚያስመዘግቧት ብዙ አሰቡና የሟች ባላቸውን ወገን መቁጠር ጀመሩ።

በሳምንቱ በሰርቪሷ ሦስት ሆንን፤ በሩን ለመክፈት ፍራሽ ማጠፍ ያስፈልግ ነበር። አስተማሪዋ ከትምህርቱ ልታስቀረኝ አልቻለችም፤ ስም የሚጠራው ጸሐፊው ራሱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እሷ ቀድማ ትወጣለች፣ እኔ ትንሽ ቆይቼ እከተላለሁ። አዳራሹ ስንደርስ ቾኩን ታነሳለች፤ እኔ ከድንጋይ ተሸካሚዋ አጠገብ ተቀምጬ «መ»ን እጀምራለሁ።